በሐምሌ የሚፈተን ክፍል

ጅማ ውስጥ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው የንባብ ክፍሉን ለማሳየት ወዳጅ የሚጋብዘው ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው። ቡናው ተለቅሟል፣ እጅ ላይ ገንዘብ አለ፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ በዚያ ብርሃን ሲታይ ዓይን ይስባል። በጥር የማያምር ክፍል ግን የለም። የንባብ ክፍል ልፍረድ ያለ ሰው በሐምሌ ይሂድ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር። መብራት አያብራ። ወንበር ስቦ ይቀመጥ፣ መጽሐፍ ይግለጥ፣ ከባለቤቱም ጋር ትንሽ ይጫወት። ፊደሉ ዓይን ሳያስጨንቅ ይነበባል? ሳይጮኹ መነጋገር ይቻላል? ክፍሉ የሚሸተው ሻጋታ ነው ወይስ እንጨት? እነዚህን ሦስቱን ያለፈ ክፍል ሌላው ጉድለቱ ሁሉ የሚጠገን ነው።

ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ ታገኛለች። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከሰቃ ጨቆርሳ እስከ ጌራ ያለው የቡና አገርም ይብዛም ይነስ እንዲሁ ነው። ቡናው የወደደው ይህንኑ ጥላና እርጥበት ነው፤ ወረቀት ግን ይጠላዋል። የመጽሐፍ ጥራዝ ይለቃል፣ የተሰቀለ ዲፕሎማ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቃል፣ መሳቢያ አብጦ አልከፈት ይላል፣ የቺፑድ ጠረጴዛ ጠርዙ ተነፍቶ ይፈረፈራል። ስለዚህ እዚህ አገር የንባብ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው ውኃንና ወረቀትን ማራራቅ ነው። እኔ ያየኋቸው የሚያምሩ ክፍሎች ሁሉ ይህን ሥራ በደንብ ከመሥራት የተነሣ ያማሩ ናቸው።

ዛሬ ቤት የሚያሠራ ሰው ለግንበኛው የሚያሳየው ፎቶ አለ፦ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስተዋት፣ ነጭ ግድግዳ፣ ባዶ ጠረጴዛ። «ዘመናዊ ይሁንልኝ» ይላል። ያንን መልክ የፈጠሩት አርክቴክቶች ግን እያንዳንዱን ነገር ያደረጉት ለምክንያት ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የአገራቸው አየር ነበር። ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ ከባለቤቱ ከአይኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1936 ሄልሲንኪ ውስጥ የሠሩት ቤት መኖሪያም ቢሮም ነበር፤ ሁለቱም አርክቴክቶች ናቸው፣ የንድፍ ሥራቸውንም እዚያው ይሠሩ ነበር። ሄልሲንኪ በ60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ክረምቷ ጨለማ ነው። እዚያ ፀሐይ የምትለመን እንግዳ ናት። ጅማ ያለችው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ግድም ነው፤ እዚህ ፀሐይ ትመጠናለች እንጂ አትለመንም። የአልቶን መስኮት ስፋት ለክቶ ጅማ ላይ ያቆመ ሰው መስኮቱን እንጂ አሳቡን አላመጣም።

መስኮት ሲገመገም አቅጣጫ ጠቋሚ ይያዝ፤ በስልክ ያለው ይበቃል። ጅማ ላይ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል። በሰሜን የምታልፍባቸው ወራት ደግሞ አብዛኞቹ የዝናብና የደመና ወራት ናቸው፤ በሰኔ ከአናታችን በጣም በራቀችበት ቀን እንኳ የቀትር ከፍታዋ 74 ዲግሪ ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት መጠነኛ ክፈፍ ካለው የቀትር ፀሐይ ወረቀት ላይ ሳይወድቅበት ዓመቱን ሙሉ የረጋ ብርሃን ይሰጣል። ወደ ደቡብ የሚያየው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ 59 ዲግሪ ስለምትወርድ፣ ከክፈፉ ጫፍ እስከ መስኮቱ ደፍ ያለው ቁመት አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ክፈፉ ከግድግዳው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ሜትር አውጥቶ መለካት ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ክፈፍ አያድነውም፤ የሚያድነው ዛፍ ወይም የእንጨት መዝጊያ ነው። በምዕራብ በኩል ሰፊ መስተዋት አስገብቶ ከውስጥ ወፍራም መጋረጃ የሰቀለ ክፍል ካያችሁ፣ ሥራው ሳይታሰብበት መሠራቱን መጋረጃው ይነግራችኋል። ጠረጴዛውም በቀኙ ለሚጽፍ ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ፣ በግራው ለሚጽፍ ከቀኝ እንዲመጣ ይቀመጥ፤ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ውድ ክፍል የእጅ ጥላ ወረቀቱ ላይ እየወደቀ ይጻፍበታል።

ክፈፍና በረንዳ ለጅማ ሰው የውጭ ትምህርት አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሄዶ ማየት ይበቃል። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ያስተዳደሩ ናቸው፤ ቤታቸው ፎቅ ያለው የእንጨት ሥራ ነው፣ በረንዳው ቤቱን ከዝናብ ያርቀዋል። ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። እኔ የምመክረው በረንዳው ላይ ቆሞ ጣራው ከግድግዳው ስንት እንደወጣ፣ ዝናቡ የት እንደሚወርድ፣ ከበረንዳው ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ምን ያህል እንደለሰለሰ ማየት ነው። ዝናብ እያየ፣ ሳይረጥብ፣ በቀን ብርሃን የሚነበብበት ቦታ ማለት ያ ነው። በረንዳ ያለው ሰው የንባብ ክፍሉን ግማሽ ሠርቶ ጨርሷል። ጣልያኖችም በወረራው ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው መሃል ከተማው ላይ የሠሯቸው ሕንጻዎች ዛሬም አሉ፤ በእነሱም ፊት ቆሞ ጥላው የት እንደሚወድቅ መመልከት ዓይን ያሠለጥናል።

ጣራው ራሱ የሚፈተነው በጆሮ ነው። ኮርኒሱ ከቆርቆሮው ሥር ተጠግቶ ከተመታ የሐምሌ ዝናብ ንግግር ያቋርጣል። በመካከላቸው ደህና ክፍተት ካለ፣ ኮርኒሱም ከጣውላ ወይም ወፈር ካለ ሰሌዳ ከሆነ፣ ድምፁ ይበርዳል። አንድ ሰው በሩ ላይ ቁሞ ግማሽ ገጽ በተለመደ ድምፁ ያንብብ፤ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ቃሉን ሁሉ ከያዘ ጣራው አልፏል። ክፍተቱ አየር ማስወጫ ይኑረው፣ ማስወጫውም ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይዘጋ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ አሸንዳውን መከተል ነው። የሚወርደው ውኃ ከመሠረቱ ርቆ ይፈሳል? በግድግዳው ግርጌ የጭቃ ፍንጣቂ ቀለም ከታየ ውስጥ ያለው መደርደሪያ በቅርቡ ይሻግታል።

ስለ ጭቃ ግድግዳ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የድህነት ምልክት አድርጎ ስለሚያየው። በጭድ ተቦክቶ፣ በደንብ ከርሞ፣ በጥንቃቄ የተመረገ ግድግዳ እርጥበትን ይቀበላል፣ ሲደርቅ ይመልሳል፤ ለወረቀት ከሲሚንቶ ግድግዳ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የሠሩትን ዞማ ሙዚየም ያየ ሰው ጭቃና ጭድ በእጅ ሲሠለጥን እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል። የጭቃ ክፍል ሲገመገም መሠረቱ ይታይ፤ ድንጋዩ ከመሬት ደህና ከፍ ብሎ መነሣት አለበት። ቀጥሎ ልስኑ በጣት አንጓ ይንኳኳ። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ተለስኖበት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ውኃው ከኋላው ታምቋል፣ ልስኑም ተላቋል ማለት ነው። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው የጭቃ ወይም የኖራ ልስን ነው።

ስፋቱ ብዙ አያሳስበኝም። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ ለራሱ የሠራት የእንጨት ጎጆ 3.66 በ3.66 ሜትር ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ሁሉ በዚያች ውስጥ ቦታ ቦታ አላቸው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ሳለች ለሙሶሊኒ ጽፎ የከተማዋን አዲስ ፕላን በወረቀት ላይ ነድፏል። በዚያ ንድፍ ውስጥ የነበረው ከተማና የሚኖርበት ሰው ቦታ የላቸውም። ያላያትን ከተማ በትላልቅ መስመር የሰረዘ እጅ፣ ራሱ የሚተኛባትንና የሚሠራባትን ጎጆ ሲነድፍ እያንዳንዷን ስንዝር አሰበባት። እኔ አንድ የንባብ ክፍል ውስጥ ስገባ የምፈልገው ያንን ነው፦ ይህን የሠራው ሰው እዚህ የሚቀመጠውን ሰው ያውቀዋል? እግሩን የት እንደሚዘረጋ፣ የተከፈተውን መጽሐፍ የት እንደሚያኖር፣ ሲኒውን የት እንደሚያስቀምጥ አስቧል?

አሁን ወደ መቀመጫው እንምጣ፤ ጅማ ለዓለም ያቀረበችው ትልቁ የእንጨት ሥራዋ እሱ ነውና። የጅማ በርጩማና ባለ መደገፊያው የጅማ ወንበር የሚፈለፈሉት ከአንድ ግንድ ነው። መቀመጫው፣ እግሮቹ፣ ወንበር ከሆነም መደገፊያው ሁሉም አንድ እንጨት ናቸው፤ ሚስማር የለም፣ ኮላ የለም፣ መጋጠሚያ የለም። ባለ መደገፊያው የሹማምንትና የባላባት መቀመጫ ነበር፤ ብዙው ዛሬ ከአገር ወጥቶ አውሮፓና አሜሪካ ባሉ ሰብሳቢዎች ቤት ተቀምጧል። በርጩማው ሦስት እግር ያለው በምክንያት ነው። አራት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሦስት እግር ግን የትም ይቆማል፣ ጭቃ ወለል ይሁን ድንጋይ። አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣት፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምትሸጠው የበርች እንጨት በርጩማም ሦስት እግር ናት። እሱ እግሩን በፋብሪካ አጠፈ፤ የጅማው ጠራቢ ከግንዱ ውስጥ አወጣው።

በርጩማ ሲገዛ ወይም ሲገመገም የመጀመሪያው ነገር መገልበጥ ነው። ላዩ ለገበያ ይለሰልሳል፤ ሆዱ ግን የጠራቢውን እጅ ያሳያል። ጥሩ ሥራ ከሆነ የመጥረቢያው አሻራ አጭር አጭርና አንድ ወጥ ነው፣ ወደ እግሮቹ ሲደርስ አቅጣጫውን ቀስ እያለ ይቀይራል። መጥፎ ሥራ ከሆነ አሻራው ጥልቅና የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ቦታ ተቦርቡሯል፣ ሌላው ድፍን ቀርቷል። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣት ተከተሉት። እዚያ እንጨቱ ሰፋ ብሎ እየቀጠነ መውረድ አለበት፤ በቀጥታ የተቆረጠ ጥግ ካለ አንድ ቀን የሚሰነጠቀው በዚያ ነው። የእንጨቱ ጭረት ከእግሩ ጋር አብሮ ወደ ታች ይወርዳል ወይስ እግሩን አቋርጦ ያልፋል? የሚያቋርጥ ከሆነ እግሩ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ደካማ ነው። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሃል ላይ ከቀረ ስንጥቅ ከዚያ ይነሣል። በመጋዝ ብናኝና በኮላ የተደፈነ ስንጥቅ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ሲያዩት ይለያል፤ ደፈናው ፈዛዛ ነው፣ ጭረትም የለውም። በብረት ወይም በሽቦ በግልጽ የተጠገነ አሮጌ በርጩማ ግን አይናቅ፤ አንድ ቤተሰብ ይህን ሥራ መጣል አልፈለገም ማለት ነው፣ እኔ ዋጋ እጨምርበታለሁ።

ክብደቱም ይናገራል። በአንድ እጅ አንሡት። በጣም ከከበደ ወይ ጠራቢው መቦርቦር ፈርቶ ውስጡን ድፍን ትቶታል፣ ወይ እንጨቱ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት ይቀዘቅዛል። «ጋሼ፣ ይሄ ደርቋል ይላሉ?» ብዬ የጠየቅኋቸው አንድ ሽማግሌ ጠራቢ የመለሱልኝ አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ እርጥቡን ይጠርቡታል፣ ደረቁን ይጨርሱታል። መሃሉ ላይ ጥላ ሥር መክረም አለበት።» ትክክል ናቸው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ለመጥረቢያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በዝግታ ሲደርቅ የሚመጣውን መጣመም የመጨረሻው እጅ ያስተካክለዋል። ይህን የመክረሚያ ጊዜ ዘሎ ከጫካ ወደ ገበያ የሄደ በርጩማ ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ በገባ በመንፈቁ ይሰነጠቃል።

አሮጌ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሲያጋጥም ነጭ ሶፍት ትንሽ አርጥቦ ማሸት ነው። ጥቁረቱ የጫማ ቀለም ከሆነ ሶፍቱ ይጠቁራል። የእውነት ዕድሜ ያለው በርጩማ የሚያበራው ሰውነት በሚነካው ቦታ ነው፦ የመቀመጫው የፊት ከንፈር፣ ለመሸከም እጅ የሚይዝበት ጠርዝ። የእግሮቹ ጫፍ ደግሞ ባልተስተካከለ መንገድ ይበላል፣ ሰው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላልና። ሁሉም ቦታ እኩል ያረጀ ነገር ጓሮ ያረጀ እንጂ ቤት ያረጀ አይደለም።

በንባብ ክፍል ውስጥ በርጩማው የት ይቀመጥ? መጻፊያ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ በርጩማው ለዚያ አጭር ነው። ቦታው መስኮት ሥር፣ መጽሐፍ ጭን ላይ ተደርጎ የሚነበብበት፣ ቡና የሚጠጣበት ነው። ጥሩ ክፍል ሁለት መቀመጫ አለው፦ የሚጻፍበትና የሚታሰብበት። በርጩማውን መስተዋት ጭኖበት የመጽሔት ማስቀመጫ ያደረገ ክፍል ውስጥ ስገባ ቅር ይለኛል። ለሰው ሰውነት ተቦርቡሮ የተሠራ ነገር ነው፤ ሰው ይቀመጥበት።

እንጨቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመጥረቢያ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም፣ የቡና ጥላ የሚሆን የዚህ አገር ዛፍ ነው። የግንዱ ውስጠኛ ክፍል ወደ ቡናማ ቀይነት ያደላል፣ የውጩ ነጣ ያለ ነው። ነቀዝ የሚወደው የውጩን ነው፤ ስለዚህ የወንበር እግር ወይም የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነጩ ክፍል ቀርቶ እንደሆነ ይታይ። ቀለም ከተቀባ በሥሩ በኩል፣ ቀለም ባልደረሰበት ቦታ ይፈለግ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ዛሬም ጥሩ ሥራን የሚፈርድ ሰው እንጨቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት፤ ከገበሬ ማሳ፣ አርጅቶ ወይም በነፋስ ወድቆ የተቆረጠ ነው? መልስ የሌለው አናጢ ጠረጴዛው ቢያምርም ይለፈኝ። ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ በደንብ የደረቀ ግራቪሊያ እጅግ ጥሩ እንጨት ነው፣ በመላጊያ ሲነካ የሚወጣው ዓይኑ ደስ ይላል። ዋንዛው ለአንድ ጥሩ በርጩማ ይቆይ።

ስለ ጠረጴዛው የምለው ጥቂት ነው። ሥሩ ይታይ፤ ከላይ የተላገ ከሥር ሻካራ ከሆነ እርጥበትን በሁለቱ ወገን እኩል ስለማይቀበል ይጣመማል። መሳቢያው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ይውጣና ማእዘኑ ይታይ፤ አንዱ እንጨት ሌላው ውስጥ ተሰክቶ ነው የተያዘው ወይስ በሚስማር? ከዚያ በሐምሌ ይከፈት። በጥር ያለ ክፍተት ልክ ሆኖ የተገጠመ መሳቢያ በሐምሌ አይከፈትም፤ አገሩን የሚያውቅ አናጢ ቅንጣት ትርፍ ይተዋል።

መደርደሪያ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ጀርባው በኮምፔንሳቶ ተደፍኖ፣ ፊቱ በመስተዋት የተዘጋ መደርደሪያ ለመጽሐፍ የሻጋታ ቤት ነው። ጀርባው ክፍት ይሁን፣ ከግድግዳው ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ፣ ከቻለ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሁን። የመጀመሪያው እርከን ከወለሉ ከፍ ይበል፤ እግሩ ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ቢቆም ምስጥ መንገዱን ከግልጽ ቦታ ለመሥራት ይገደዳል፣ ሰውም ያየዋል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ መጽሐፍ ሞልቶበት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተዘረጋ ይጎብጣል፤ ዓይን ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲያይ ይታወቃል። በአጋሮና በየቡ ብዙ የቡና አቅራቢ የንባብ ክፍሉን ሒሳብ ቤትም ናሙና ማስቀመጫም ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ከሆነ ሌላ ፈተና ይጨመራል። ጥሬ ቡና ሽታ ይጠጣል። አዲስ ቫርኒሽ በተቀባ መሳቢያ ውስጥ ያደረ ናሙና ሲቀመስ ቫርኒሹን ይዞ ይመጣል። ለእነዚህ ቤቶች ያልተቀባ፣ በደንብ የተላገ እንጨት ይሻላል።

የጅማ አካባቢ ሰው ይህን ዓይነት ፍርድ ከቡናው ያውቀዋል። «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ በጅምላ ይሄድ የነበረ ቡና፣ ከ2002 ዓ.ም. ግድም ወዲህ የአጋሮ አካባቢ ማኅበራት ቀይ ቀዩን ለቅመው፣ አጥበው፣ በአልጋ ላይ አድርቀው ሲያቀርቡት ከዓለም ምርጥ ቡናዎች ጋር ተሰለፈ። ዛፉም አፈሩም ያው ነበር። የተለወጠው የእጅ ሥራው ነው። ግራቪሊያውም ጭቃውም ዋንዛውም እንዲሁ ናቸው፤ እዚሁ አሉ።

በሩ ይቀራል። የጅማ ቤት ቡና ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ እስከ በረካ ይቀመጣል፤ የንባብ ክፍል ከዚህ ሁሉ ተቆልፎ የሚቀር ከሆነ የሚኖርበት ሰው አይበረክትበትም። የአልቶ ቤት ሥራ ክፍሉን ከሳሎኑ የሚለየው ተንሸራታች በር ነው፤ ሲፈልጉ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ሲፈልጉ ይለያሉ። ይህ ከሄልሲንኪ ጅማ ድረስ ሳይለወጥ የሚሠራ አሳብ ነው። በሩ ጭሱንና የልጆቹን ድምፅ ለመመለስ ይዘጋ፣ ግን ረከቦቱ ካለበት ቦታ «ቡና ደርሷል» ሲባል ይሰማ። ከጓዳ ይልቅ ለበረንዳው የቀረበ ቢሆን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ፣ በርጩማ ወይም ወንበር ለምታሠሩ አንድ ልመና አለኝ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንጨት የሚፈለፍለው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ለረጅም ዘመን ተንቆ፣ ከማዕድ ተለይቶ ኖሯል። ሥራው የሹም መቀመጫ ሆነ፣ እሱ ግን ደጅ ቆመ። ሙዚየም ውስጥ ካሉት ወንበሮች አብዛኞቹ የባለቤቱ ወይም የሰብሳቢው ስም ሲኖራቸው የጠራቢው ስም የላቸውም። ስለዚህ ስታሠሩ ግንዱን አብራችሁ ሂዳችሁ ምረጡ፣ የማድረቂያውን ጊዜ በዋጋው ውስጥ ቁጠሩለት፣ ግማሹን አስቀድማችሁ ክፈሉ፣ አትቸኩሉት። ሥራው ሲያልቅም መቀመጫውን ገልብጦ በሆዱ ላይ፣ በገዛ መሮው፣ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን እንዲቀርጽበት ጠይቁት።